ኬሚስትሪ መማሬን የሚያስረዳ ማስረጃ ስለ ማቅረብ

ኮልፌ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1933 ዓ.ም.

ለክቡር ካቫሊዬሬ ጉልላት ዱባለ፣
የአገሬው ተወላጆች ትምህርት ቤቶች ምርመራ ሹም፣
ከተሾሙበት ወንበር ላይ።

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ቤተሰብዎ፣ በቅሎዎ፣ የኢጣሊያ መንግሥት ከካቫሊዬሬነት ማዕረግ ጋር በደረትዎ ላይ የሰካልዎት አዲሱ ሜዳሊያ፣ ሁሉም ደህና ናቸውን? እኔ ምስጋና ለአላህ ይሁንና እጅግ ደህና ነኝ፤ ይህም ለእርስዎ የምሥራች እንዳልሆነ ስለማውቅ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የቀኝ እጅዎ ጤና ነው። የሚያሳስበኝንም ምክንያት ዝቅ ብዬ ስለማመለክት፣ እስከዚያው ድረስ እጅዎን ከኪስዎ እንዳያወጡ በትሕትና እለምናለሁ።

ይህን አቤቱታ እንደ ደንቡ ከመሥሪያ ቤትዎ ጀርባ ለጥቁር ሰው በተከፈተችው ጠባብ መስኮት ተሰልፌ ማቅረብ ይገባኝ ነበር። ነገር ግን በዚያች መስኮት ሦስት ጊዜ አመልክቼ ሦስት ጊዜ ስለተመለስኩ፣ ክቡርነትዎን ለአራተኛ ጊዜ ከማድከም ብዬ አምስት ቅጂ ጽፌ አንዱን በመሥሪያ ቤትዎ በር ላይ፣ አንዱን በወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ የቀሩትን ሰው በሚበዛበት በገበያው መግቢያ ለጥፌአለሁ። ማንበብ የማይችል ቢኖር የሚያነብለት አያጣም፤ ፊደል የቆጠረውን ሁሉ ገና አልጨረሳችሁትምና።

እርስዎ ያውቁኛል፤ ሌላው አንባቢ ግን እንዳይቸገር ራሴን ላስተዋውቅ። ስሜ ሰይፈዲን ረሻድ ይባላል። በእስክንድርያ ኮሌጅ ሦስት ዓመት ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስና የእጽዋት ትምህርት ተምሬ የተመለስኩ ሰው ነኝ። ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ በኮልፌ ባሕር ዛፍ ሻጩ አቶ ቡልቻ በለቀቁልኝ የግንድ መጋዘን ውስጥ ሃያ ሁለት ልጆች አስተምር ነበር። በሰኔ ወር መሥሪያ ቤትዎ፣ ሳይንስ የሚያስተምር ሁሉ በኮሌጅ የተማረውን እያንዳንዱን ትምህርት በማስረጃ ካላረጋገጠ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል የሚል ማስታወቂያ አወጣ። እኔም ያቺ መጋዘን እንዳትዘጋብኝ ስል ማስረጃ ፍለጋ የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው። እነሆ ማስረጃው አሁን ተገኝቷል። ከዚያ በፊት ግን ቅሬታዎቼን በቁጥር ላስቀምጥ፤ ክቡርነትዎ ነገርን በቁጥር ማስቀመጥ እንደሚወዱ ከድሮም አውቃለሁና።

1ኛ. በመጀመሪያ ስለ ቅጹ ላመስግን። በቅጹ ላይ የእያንዳንዱን ትምህርት ስም፣ የመምህሩን ስም፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደተማርኩ፣ በእጄ የነካኋቸውን የመሥሪያ ዕቃዎች ሁሉ እንድዘረዝር ታዝዣለሁ፤ እኔም ሰልፈሪክ አሲድ ከነካ ሰው በቀር ማንም ሊያውቃቸው የማይችላቸውን ነገሮች ሳልሰለች ዘርዝሬአለሁ። በዚህ ሁሉ ምርመራ ካለፍኩ በኋላ አስተምር ዘንድ የሚፈቀድልኝ ሳይንስ ምን እንደሆነ ከቅጹ ጀርባ ተጽፎ ሳገኘው ግን ዓይኔን አላመንኩም፦ እጅ መታጠብ፣ የዶሮ ቆጥ መሥራትና ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ቀጥ ብሎ መቆም። ዶሮ ቆጥ ላይ ለማውጣት ይህን ያህል ኬሚስትሪ የሚጠይቅ መንግሥት በዓለም ላይ ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ፤ እንኳን ደስ ያለን። ሻማ በውኃ ሳህን ላይ አቁሜ ብርጭቆ ስደፋበት ሻማው ጠፍቶ ውኃው ወደ ብርጭቆው ሽቅብ የሚወጣበትን ምክንያት እንዳስተምር ባመለከትኩበት ወረቀት ላይ ደግሞ፣ በቀይ እርሳስ፣ ለአገሬው ልጅ አየር ከምን እንደተሠራ ማወቅ አያስፈልገውም፣ መተንፈሱ ይበቃዋል ብለው ጽፈውልኛል። ልጆቹ ያን ሻማ ባዩ ጊዜ ትንፋሻቸውን ውጠው ከቆዩ በኋላ ድገመው ድገመው እያሉ አስራ አንድ ጊዜ አስደግመውኛል። እውነት ነው፣ ከመተንፈስ ያለፈ ነገር የለመደ ልጅ ኋላ ያስቸግራል።

2ኛ. የትምህርት ማስረጃዬን ዋናውን ቅጂ ከእስክንድርያ አስመጣ ተብያለሁ። በዚያው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ ከዚህ ትእዛዝ በስተቀኝ አንድ ስንዝር አለፍ ብሎ፣ ጦርነት ስለሆነ እንግሊዝ ወዳለበት አገር ደብዳቤ የጻፈ ሰው እንደ ሰላይ ይቀጣል የሚል ሌላ ትእዛዝ ተለጥፏል። ሁለቱም የእርስዎ መሥሪያ ቤት ማኅተም አለባቸው። ከሁለቱ በየትኛው ብቀጣ እንደሚሻል ምክርዎን ብጠይቅ መስኮቷ ተዘጋች።

3ኛ. በእጄ የነበረው ቅጂ የት ገባ ለሚለው ጥያቄ በጽሑፍ የሰጠሁትን መልስ፣ አመልካቹ በራሱ ቸልተኝነት አጥፍቶታል ብለው መዝግበውታል። ቸልተኝነቱ የእኔ ሳይሆን የባለቤቴ የአልፊያ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ባሉት ሦስት ቀኖች፣ መነጽር ያደረገ፣ ብዕር የያዘ፣ የውጭ አገር ወረቀት በቤቱ የተገኘ ሰው ምን እንደደረሰበት እርስዎም እኔም እናውቃለን። አልፊያ ፈረንሳይኛ አታነብም፤ ስለዚህ ወረቀቶቼን በራሷ ዘዴ መርጣ፣ ማኅተሙ የበዛውን እያስቀደመች ወደ ምድጃ ከተተቻቸው። ማኅተም በበዛ ቁጥር ሞት ይበዛል ብላ ነው፤ አልተሳሳተችም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እሷ ግን ያየችው ልጥ ሳይሆን ራሱን እባቡን ነበር። ያኔ ወረቀት የተገኘበትን የገደለ መንግሥት፣ ዛሬ ወረቀት ያልተገኘበትን ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ቢያንስ በመሃሉ አንድ ደብዳቤ ጽፎ ሐሳቡን መለወጡን ቢያሳውቀን መልካም ነበር።

4ኛ. ዋናው ማስረጃ ከሌለ አብረውት የተማሩ ሁለት ምስክሮች ይቅረቡ ተባለ። በኮሌጁ የሳይንስ ክፍል ከዚህ አገር የሄድን ስምንት ነበርን። አምስቱ በእነዚያ ሦስት ቀኖች ተገድለዋል፤ አንዱ በመርከብ ተግዞ የገባበት አልታወቀም። ሰባተኛው እኔ ነኝ፣ ለራሴ መመስከር አልችልም። ስምንተኛው እርስዎ ነዎት።

ይህን እዚህ ላይ የሚያነብ የኮልፌ ሰው ቆም ብሎ እንደገና ያንብበው። አዎን፣ ኬሚስትሪ መማሬን አረጋግጥ ብለው አራት ወር ያንከራተቱኝ ሹም፣ ሦስት ዓመት ሙሉ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ከጎኔ የተቀመጡ፣ ፈተና በደረሰ ቁጥር ደብተሬን የሚዋሱ፣ በረመዳን ከእኔ ጋር ጀምበር እስክትጠልቅ ጠብቀው ያፈጠሩ ወንድሜ ነበሩ። በመስኮቷ በኩል ይህን ላስታውስዎት ስሞክር፣ ከሥራ ብዛት የተነሣ የድሮውን ነገር ረስቼዋለሁ ብለውኛል። እግዜር ይማርዎ፤ መርሳት ከባድ በሽታ ነው።

5ኛ. በሦስተኛው ጊዜ ደብተር አቀረብኩ። አልፊያ ማኅተም ስለሌለበት ሳታቃጥለው በቆዳ ጠቅልላ ከፍግ ጉድጓድ ውስጥ የቀበረችውን የኬሚስትሪ መሥሪያ ደብተሬን ቆፍሬ አወጣሁት። ምስጥ ዳር ዳሩን በልቶታል፤ መሃሉ ግን ደህና ነው። በዚያ ኮሌጅ ሥራው የሚሠራው ሁለት ሁለት ሆኖ ነበር፤ አንዱ አሲዱን ይይዛል፣ አንዱ ውጤቱን ይጽፋል፣ በገጹ ግርጌ ሁለቱም ይፈርማሉ። የእኔ ጥንድ እርስዎ ነበሩ። አሲድ ይፈሩ ስለነበር አንድ ቀን እንኳ ብልቃጥ ነክተው አያውቁም፤ የሚነካውን ሁሉ እኔ ነካሁ፣ የሚጻፈውን ሁሉ እርስዎ ጻፉ። በግራ እጄ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያ ጊዜ ነው። እናም ደብተሩን በሦስት ቀን ውስጥ መለሱልኝ፤ በላዩም፣ የእጅ ጽሕፈቱ የአመልካቹ ስላልሆነ ተቀባይነት የለውም የሚል ማኅተም ተመቶበታል።

በዚህ ውሳኔ ፍትሕዎን አደንቃለሁ። የእጅ ጽሕፈቱ በእውነት የእኔ አይደለም።

6ኛ. ባለፈው ሰኞ መጋዘኗ በሰም ታሸገች። በውስጧ የነበረው የአቶ ቡልቻ ባሕር ዛፍም አብሮ ታሽጓል፤ ግንዶቹ ትምህርቱን ሲሰሙ ስለከረሙ እነሱም ማስረጃ ሳይጠየቁ አልቀሩም። አቶ ቡልቻ ሁለት ቀን ታስረው ሲወጡ፣ በዕድሜዬ ብዙ ገዥ አይቻለሁ፣ እንጨት የሚያስር ግን አላየሁም አሉ። ልጆቹ በማግሥቱ ጠዋት እንደ ወትሮው መጥተው በታሸገው በር ፊት ተሰልፈው ቆሙ። ወደ ቤታችሁ ሂዱ ብላቸው አንዱም አልተነቃነቀም። እዚያ ቆሜ አለቀስኩ፤ ይህንን ለክቡርነትዎ ደስታ ስል አልደብቅም።

ቅሬታዬ በዚህ ያበቃ ነበር። በዚህ ቢያበቃ ኖሮ እኔም ግንድ መሸከም ጀምሬ፣ እርስዎም በሰላም ተሾመው በኖሩ ነበር።

ነገር ግን የመጋዘኗን መታሸግ የሰማች አንዲት ሴት ረቡዕ ዕለት ወደ ቤቴ መጣች። ወይዘሮ ጥሩብርሃን ትባላለች። አብሮን የተማረው፣ በእነዚያ ሦስት ቀኖች በገዛ ደጁ ላይ የተገደለው የተክለሃይማኖት ሚስት ናት። ሠርጉ ላይ ሚዜ ስለነበሩ ይረሷታል ብዬ አላስብም፤ ብቻ በሽታዎ ጸንቶብዎ እንደሆነ እንጃ። ወታደሮቹና አስተርጓሚያቸው ባሏን ወደ ደጅ ካወጡት በኋላ ቤቱን ሊያቃጥሉ ሲሉ፣ ሕፃን ልጇን አቅፋ ስትወጣ ከጠረጴዛው ላይ የባሏን ዳዊት ብቻ አፈፍ አድርጋ ሮጠች። ከዳዊቱ ጋር አንዲት ወረቀት አብራ በእጇ ገባች። ወረቀቷ በፈረንጅ ፊደል የተጻፈች ናት። ጥሩብርሃን የፈረንጅ ፊደል አታነብም። ከባሏ ጠረጴዛ ላይ ስለተነሣች፣ የባሏ የእጅ ጽሑፍ ናት ብላ አመነች።

ሦስት ዓመት ከስምንት ወር በዳዊቱ ውስጥ አስቀመጠቻት። እሑድ እሑድ አውጥታ ትስማት ነበር። በሦስተኛው ሙት ዓመቱ ቄሱ በመስቀላቸው ባርከውላታል። ልጇም ከአባቷ የቀረላት ነገር ይህ ነው እየተባለች እንድትሳለም ተደርጋለች። ረቡዕ ዕለት ታዲያ ይህችን ወረቀት በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ይዛልኝ መጣች፤ ተክልዬ ካንተ ጋር የተማረ ነው፣ ይህም የትምህርት ወረቀቱ ነው፣ ምናልባት ላንተ ማስረጃ ይሆንህ እንደሆነ ብዬ ነው አለችኝ። ከዚህ ዓለም ያላትን አንድ ቅርስ ለእኔ መጋዘን ልትሰጠኝ ነው የመጣችው።

እኔም ወረቀቷን ዘርግቼ አነበብኩ። ሦስት ዓምድ አላት፦ ስም፣ የሚኖርበት ሰፈር፣ የተማረው ትምህርት። ሰባት ስም ተጽፎባታል። አራተኛው ተክለሃይማኖት ነው፤ በስሙ ላይ በእርሳስ ምልክት ተደርጎበታል፤ አስተርጓሚው ምልክቱን አድርጎ ከጠረጴዛው ላይ ሳይረሳት አልቀረም።

ለልጆቹ ሳይንስ ምን ማለት እንደሆነ ሲጠይቁኝ፣ ሁለት ነገር ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ እንዲሆን የሚፈልጉትን ሳይሆን የሆነውን ማየት ነው እላቸው ነበር። ያን ዕለት ይህን ትምህርት ለራሴ ማስተማር ምን ያህል እንደሚከብድ አየሁ። ደብተሩን ከዚህ፣ ወረቀቷን ከዚያ አድርጌ እስኪመሽ ድረስ ሌላ ነገር እንዲሆን ለመንኩ። በደብተሩ ውስጥ ቁጥሮቹ ሁሉ በትናንሽ ክብ ተከብበዋል፤ በወረቀቷም ከአንድ እስከ ሰባት ቁጥሮቹ ተከብበዋል። በደብተሩ ውስጥ የአሲዱና የጨው ስም ሁሉ በማስመሪያ ሁለት ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል፤ በወረቀቷም የሰባታችን ስም ሁለት ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ማስመሪያዎን ሁልጊዜ በደረት ኪስዎ ይይዟት ነበር፤ አሁን ሜዳሊያው ባለበት በኩል።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። ክቡርነትዎ ማስረጃ አምጣ ባይሉኝ ኖሮ እኔ ደብተሩን አልቆፍርም ነበር፤ መጋዘኗንም ባያሽጉ ጥሩብርሃን ወረቀቷን ይዛ አትመጣም ነበር፤ ሁለቱ ወረቀቶች እስከ ዕለተ ምጽአት ድረስ ሳይተያዩ በቀሩ። ለዚህ ትጋትዎ ከልብ አመሰግናለሁ።

ለጥሩብርሃን ያን ቀን መናገር አልቻልኩም። በማግሥቱ ነገርኳት። አፏን በነጠላዋ መጥረግ ጀመረች፤ ደጋግማ፣ ደጋግማ ጠረገች። በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ፦ እኔ ሳላነብ ተሳለምኩት፣ ሌላው ሰው ግን አንብቦ ይወቀው አለችኝ። ይህ ደብዳቤ በግድግዳ ላይ የተለጠፈው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ የጠየቁኝን ማስረጃ በክብር አቀርባለሁ። በዝርዝሩ ሦስተኛ ተራ ላይ በራስዎ እጅ እንዲህ ተጽፏል፦ ሰይፈዲን ረሻድ፤ ጉለሌ፤ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስና እጽዋት፣ ሦስት ዓመት፣ በከፍተኛ ውጤት። ምስክር ሳይጠሩ፣ ከእስክንድርያ ሳያስመጡ፣ በጠባብ መስኮት ሳያሰልፉ፣ አንዲት ሰዓት ሳትጎድል ትምህርቴን አረጋግጠውልኛል። በከፍተኛ ውጤት የምትለዋን እንኳ አልረሱም። ምን ጊዜም ቢሆን ጥንቁቅ ጸሐፊ ነበሩ።

ጉለሌ የሚለው ብቻ ትክክል አይደለም። በዚያ ዓመት በየካቲት መጀመሪያ ከዚያ ለቅቄ ወደ ኮልፌ መጥቼ ነበር፤ ወሬው ሳይደርስዎት ቀርቶ ነው። እኔን ፍለጋ የሄዱት ወታደሮች በዚያ ቤት ያገኙት አዲሱን ተከራይ፣ ወዬሳ የሚባለውን ሸማኔ ነበር። ወዬሳ ፊደል የሚባል ነገር አይቶ የማያውቅ ሰው ነበር። ስለ ኬሚስትሪ ምን ብሎ እንደመለሰላቸው እስከ ዛሬ አስባለሁ።

ጥሩብርሃንን፣ አልፊያንና አቶ ቡልቻን ለመጠየቅ ካራቢኔሪ ዘበኞችዎን ባያደክሟቸው እወዳለሁ፤ ቤቶቻቸው ከትናንት ጀምሮ ባዶ ናቸው። ልጆቹንም አይንኩብኝ፤ ስለ እርስዎ አንዲት ቃል አልነገርኳቸውም። ይሁን እንጂ በየቤታቸው ሻማ በውኃ ሳህን ላይ እያቆሙ ብርጭቆ እየደፉ ለታናናሾቻቸው እንደሚያሳዩ ሰምቻለሁ፤ እንግዲህ በየቤቱ እየዞሩ ብርጭቆ ማሸግ ይቀርዎታል።

ሜዳሊያዎ እንዲያበራ፣ ማስመሪያዎ እንዳይጎብጥ፣ የረሱትን ሁሉ አንድ ቀን እንዲያስታውሱ እየተመኘሁ፣ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ለሦስት ዓመት የተቀመጥኩ፣ በእጅ ጽሕፈትዎ የተመሰከረልኝና በእጅ ጽሕፈትዎ የተፈረደብኝ፣

የክቡርነትዎ ያልተፈቀደለት የሳይንስ አስተማሪ፣
ሰይፈዲን ረሻድ

ማሳሰቢያ፦ ጉልላት፣ እርስዎ ማለት እዚህ ላይ ደከመኝ። አሲዱ እጄን ያቃጠለኝ ቀን ብዕርህን ጥለህ፣ እንደዚያ እየፈራህ፣ ያበጠ እጄን በሁለት እጅህ ይዘህ አንድ ሰዓት ሙሉ ውኃ ስታፈስልኝ ነበር። በደብተሩ ያ ገጽ ባዶ ነው፤ ሥራው አልተሠራም ነበርና። ከጻፍከው ሁሉ ለአንተ የሚመሰክርልህ ያ ያልጻፍክበት ገጽ ብቻ ስለሆነ ቀድጄ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ዝርዝርህን ግን አርም፤ በሦስተኛው ተራ ጉለሌ የሚለውን ሰርዘህ ወጨጫ በል። ከመስኮትህ ተራራው ይታያል። በዚህ ጊዜ ሌላ ሰው አትላክ፤ ራስህ ና።